ስድስት አንቴና፣ አራቱ ባዶ፦ የጅማ የዋይፋይ ተጠቃሚዎች ተጠንቀቁ

በጅማ መርካቶ አካባቢ «የዋይፋይ ማጉያ» እየተባለ የሚሸጥ ባለ ስድስት አንቴና ዕቃ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ 4,800 ብር ከፍዬበታለሁ፤ መጥቶ ለገጠመልኝ ባለሙያ ደግሞ 600 ብር ጨምሬአለሁ። ችግሬ በመጨረሻ የተፈታው ግን በ350 ብር ነው።

ቤቴ ጅማ ቆጪ ሰፈር ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ የድሮ ቤት። የምተዳደረው ሰነድ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛ በመተርጎም ስለሆነ ኢንተርኔት ከሌለ ሥራም የለም። ከጥቂት ወራት ወዲህ ታዲያ ምሽት 1 ሰዓት ሲሆን ዋይፋዩ መቆራረጥ ጀመረ። ልጆቹና ባለቤቴ ቤት ገብተው ሁሉም ስልኩን ሲከፍት ይጠፋል፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይመለሳል፤ ቡናው ተቆልቶ አቦል እስኪቀዳ ድረስ ሦስት ጊዜ ይጠፋል። ቀን ብቻዬን ስሠራ ግን ምንም አይሆንም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ መልሱ እዚያው ውስጥ ነበር፣ እኔ ግን አላየሁትም።

ሱቁን በስም አልጠራውም። ሻጩ ነገሬን ሳልጨርስ «ሲግናል ደክሞብዎት ነው» አለኝና ካርቶኑን አወረደ። ስድስት አንቴና እንደ ጃርት እሾህ ቀጥ ቀጥ ብሎ የቆመበት ጥቁር ዕቃ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 1200 ተብሎ ተጽፏል። ሻጩ ዕቃውን ሶኬት ላይ ሰካና ስልኩን አጠገቡ አድርጎ የዋይፋይ ምልክቱ መሙላቱን አሳየኝ። ከዚያም የስልኩን ቅንብር ከፍቶ 300 ሜጋቢት የሚል ቁጥር አሳየኝ። እኔ የተማርኩ ሰው፣ ለሌላው ውል የምተረጉም ሰው፣ ሳልጠይቅ ከፈልኩ።

ሁለቱም ማሳያዎች ምንም አያሳዩም። ምልክቱ የሚሞላው ስልኩ ለዕቃው ስለቀረበ ብቻ ነው፤ ከዕቃው ጀርባ ኢንተርኔት ይኑር አይኑር አይናገርም። 300 የሚለው ቁጥርም በስልኩና በዕቃው መካከል ያለው የግንኙነት ፍጥነት ነው። ወደ ቤታችሁ የሚገባው መስመር 10 ሜጋቢት ከሆነ በመሃል የፈለጋችሁትን ብትሰኩ ከ10 አያልፍም። እሱም ቢሆን ፋይል ስታወርዱ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ። 1200 የሚባለው ደግሞ በትክክለኛዎቹ ዕቃዎች ላይ እንኳ የሁለት ቁጥሮች ድምር ነው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ 300፣ በ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ 867፣ ተደምሮ ወደ ላይ የተጠጋጋ። አንድ ስልክ በአንድ ጊዜ ከአንዱ ጋር እንጂ ከድምሩ ጋር አይገናኝም። የእኔው ዕቃ ላይ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ጭራሽ አልነበረም።

ቤት ተገጠመ። ባሰበት። እንዲህ ያለው ማጉያ (አባዢም ይባላል) ከራውተሩ፣ ማለትም ዋይፋዩን ከሚያወጣው ዋናው ሳጥን፣ የተቀበለውን በዚያው ሞገድ መልሶ ስለሚያስተላልፍ ግማሹን ጊዜ ሲሰማ፣ ግማሹን ሲናገር ያሳልፋል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል። ራውተሩ በጠፋ ቁጥር ደግሞ አባዢው አብሮ ባዶውን ይቀራል። ሞልቶ የሚታየው ምልክት ግን አይቀንስም! ልጄ «ዋይፋዩ አለ፣ ኢንተርኔቱ የለም» እያለች ስትስቅብኝ ከረመች።

ገጣሚው የሠራኝን ሌላ ነገር ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ ነው። የራውተሩን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ቀይሮ ለራሱ ይዞት ሄዷል። ቅንብሩን ልይ ብል አልከፈትልኝ አለ። ስደውልለት «መጥቼ ልክፈተው፣ 300 ብር ነው» አለኝ። እናንተም ማንም ሰው ራውተራችሁን ሲነካ አጠገቡ ቁሙ፣ የይለፍ ቃሉንም ራሳችሁ ጻፉ። ከኋላ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጭናችሁ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ልትመልሱት ካሰባችሁ ደግሞ መጀመሪያ አገልግሎት ሰጪው የሰጣችሁን የመስመር መለያና ምስጢር ቃል በወረቀት ያዙ። እሱም አብሮ ይጠፋልና ኢንተርኔቱ ጨርሶ ይቀርባችኋል።

በዘጠነኛው ቀን ዕቃውን ከነካርቶኑ ይዤ ተመለስኩ። «ተከፍቷል፣ አንቀበልም» ተባልኩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ የማስለወጥ ወይም ገንዘቡን የማስመለስ መብት ለሸማቹ እንደሚሰጥ ነገርኩት። ሻጩ ፈገግ ብሎ «ደረሰኝዎን ያሳዩኝ» አለኝ። አወጣሁ። ዋጋው በትክክል 4,800 ተብሎ ሰፍሯል፤ የዕቃው ዓይነት በሚለው ቦታ ላይ ግን «ልዩ ልዩ ዕቃ» ተብሎ ተጽፏል። ሞዴል የለም፣ መለያ ቁጥር የለም። እንኳን ዋይፋይ፣ ባልዲም ሊሆን ይችላል። ሲጽፍ እያየሁት ነበር፤ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ዕቃውን ብብቴ ሥር አድርጌ ስመለስ መንገድ ዳር ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ሽማግሌ ዘንድ ጎራ አልኩ። ባለ ሦስት እግር በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ዕቃውን ገለበጡት፣ ብሎኑን ፈቱት፣ ከዚያ ዝም ብለው ወደ እኔ አዞሩት። ከስድስቱ አንቴናዎች ገመድ ያላቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። አራቱ ውስጣቸው ባዶ ፕላስቲክ ነው።

እኔ ስንጨረጨር እሳቸው ሌላ ነገር ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ሲቋረጥብህ የዋይፋዩ ስም ከስልክህ ላይ ይጠፋል ወይስ ስሙ እያለ ነው እምቢ የሚልህ?»

«ከዚህ ዕቃ በፊት ስሙ ራሱ ይጠፋ ነበር፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ሲግናል አልደከመብህም። ራውተርህ እየሞተ እየተነሳ ነው። ቻርጀሩን አምጣልኝ።»

ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የራውተሩ ቻርጀር ተቃጥሎብኝ ነበር። ጫፉ የሚገጥም ሌላ ከአንድ ክምር ውስጥ መርጬ ገዝቼ ረስቼዋለሁ። የራውተሩ ሆድ ላይ 12 ቮልት 1 አምፔር ይላል፤ እኔ የገዛሁት 12 ቮልት 0.5 አምፔር ነው። ብቻዬን ስሠራ ይችለዋል። ማታ አምስት ስልክና አንድ ቴሌቪዥን ሲገናኙበት ራውተሩ የሚስበው ኃይል ይጨምራል፣ ቻርጀሩ ይግላል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳል። ትክክለኛውን ቻርጀር በ350 ብር ሸጡልኝ፤ ለምርመራው ሳንቲም አልተቀበሉም። ከዚያ ምሽት ጀምሮ አንድም ቀን አልጠፋም።

ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የሽማግሌውን ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። ስሙ ከጠፋና የራውተሩ መብራቶች በሙሉ ጠፍተው እንደ አዲስ ከበሩ ጉዳዩ የኃይል ነው፦ ቻርጀር፣ ሶኬት፣ ወይም ራውተሩ ብፌ ውስጥ ታፍኖ መጋሉ። ስሙ እያለ ኢንተርኔት ከሌለ ኮምፒውተራችሁን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙት። በገመድም ከተቋረጠ ችግሩ ያለው በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣው መስመር ላይ ስለሆነ ምንም አንቴና አያድነውም፤ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሉ። ፋይበር ያላችሁ ደግሞ ቀይ መብራት መብራቱን አይታችሁ ንገሯቸው፣ ቀጭኗ ገመድም በበር ሥር ወይም በማዕዘን ላይ እንዳልታጠፈች እዩ። በገመድ ደህና ሆኖ በአየር ብቻ፣ ያውም ጓዳ ስትገቡ ብቻ የሚደክም ከሆነ ጉዳዩ የርቀትና የግድግዳ ነው። ያን ጊዜ መጀመሪያ ራውተሩን ከመስታወትና ከብረት አርቃችሁ ወደ ቤቱ መሃል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ይሄ በነፃ ነው። ጎረቤት የበዛበት ግቢ ከሆነ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱን ቻናል ሞክሩ፤ እርስ በርሳቸው የማይደራረቡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ይህ ሁሉ ካልበቃ ብቻ ሁለተኛ ዕቃ ግዙ፤ እሱንም ከዋናው ራውተር ጋር በገመድ የሚያያዝ ይሁን።

ሻጩ «ቤትዎ ወስደው ሦስት ቀን ይሞክሩት» ካላለ አትክፈሉ። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ስም፣ ሞዴልና መለያ ቁጥር ሳይጻፍም ከሱቁ አትውጡ።

እኔ ማክሰኞ ጠዋት የተፈታውን ዕቃ፣ ካርቶኑንና ደረሰኙን ይዤ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ላስገባ እሄዳለሁ። ይህንኑ ባለ ስድስት አንቴና ዕቃ የገዛችሁ ካላችሁ ብሎኑን ፈታችሁ ውስጡን ፎቶ አንሱና አብረን እንሂድ። ደረሰኛችሁ «ልዩ ልዩ ዕቃ» ቢልም ይዛችሁት ኑ፤ አምስት ስድስት «ልዩ ልዩ ዕቃ» ከአንድ ሱቅ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲደረደር ምን እንደሚሉ ማየት እፈልጋለሁ።