ሳንታ ሞኒካ ኮሌጅ ወይስ በቀጥታ ዩሲኤልኤ?

ሎስ አንጀለስ አካባቢ ሆኖ ለኮሌጅ የሚያመለክት ተማሪ ሳንታ ሞኒካ ኮሌጅ ጀምሮ በኋላ ወደ ዩሲኤልኤ መዛወር ወይስ ከመጀመሪያው በቀጥታ ዩሲኤልኤ መግባት የሚለውን ምርጫ ቶሎ ያገኘዋል። ሳንታ ሞኒካ በ1929 የተከፈተ የሕዝብ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው፤ ማለትም በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ትምህርት የሚሰጥ ኮሌጅ። ዩሲኤልኤ ደግሞ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለስ ካምፓስ ሲሆን፣ ብዙ አመልካች ሳይቀበል የሚመልስ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ከገንዘቡ እንጀምር። ለካሊፎርኒያ ነዋሪ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያ በዩኒት (የኮርስ ክብደት መለኪያ) 46 ዶላር ነው። ለመዛወር የሚያስፈልገው 60 ዩኒት ሲሰላ 2,760 ዶላር ይመጣል። ዩሲኤልኤ ግን ለአንድ ዓመት ብቻ ከ13,000 ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ ዶርምና ምግብ ሳይቆጠር። ከውጭ አገር ለሚመጣ ተማሪ የሁለቱም ዋጋ በጣም ይንራል፣ ስለዚህ 46 ዶላሯን አይቶ መቸኮል አያዋጣም።

መግቢያው ላይ ኮሌጁ በሩን ለሁሉም ክፍት አድርጓል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ውጤትህ ቢበላሽም እንደ አዲስ ትጀምራለህ። ይህ ለእኔ ከገንዘቡም ይበልጣል።

ችግሩ መዛወሩ ላይ ነው። አንዳንድ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች መስፈርቱን ላሟላ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ቦታ አስቀድመው ዋስትና ይሰጣሉ። ዩሲኤልኤ ከእነዚህ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ተወዳድረህ ነው የምትገባው። በተለይ ኢንጂነሪንግ የሚፈልግ ሰው የሒሳብና የፊዚክስ ኮርሶቹን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ከአማካሪ ጋር ይደርድር። አንድ ኮርስ ከተዘለለ ዓመት ሊበላ ይችላል።

የካምፓስ ሕይወት የሚያምርህ ከሆነ ዩሲኤልኤ ይሻልሃል። ሳንታ ሞኒካ ዶርም የለውም፤ ብዙው ተማሪ ክፍል ጨርሶ ወደ ሥራው ወይም ወደ ቤቱ ይሮጣል። ተሳክቶልህ ከተዛወርክ ግን ዲግሪህ ላይ የሚጻፈው ዩሲኤልኤ ነው።