ለደሴ ጉምና ለኮምቦልቻ ወበቅ፦ የቱን ድሮን እንግዛ?

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚያስገባውን የሐረጎን ዳገት የወጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ታች በሸሚዝ ተሳፍሮ የነበረው ሁሉ አናቱ ላይ ሲደርስ መስኮት ይዘጋል፣ ደሴ ሲገባ ጃኬቱን ይፈልጋል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የከፍታው ልዩነት ግን ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። እኔ እንደሚመስለኝ እዚህ አካባቢ ለሥራ ድሮን የሚገዛ ሰው ከካሜራው ሜጋፒክስል በፊት ማሰብ ያለበት ይህን ዳገት ነው።

ክረምታችን ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብና ጉም ነው። ብርዱ ደግሞ የሚመጣው ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊት ውርጭ ሲጥል ነው። ስለዚህ ሐምሌ ላይ የድሮኑን ገላ እርጥበት ይፈትነዋል፣ ታኅሣሥ ላይ ባትሪውን ብርድ ይፈትነዋል። ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው አይበጅም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ዲጄአይ የተባለው የቻይና ድሮን አምራች ስለሚሠራቸው አራት ሞዴሎች ነው። ቁጥሮቹ የአምራቹ ናቸው፦

| | ሚኒ 4 ፕሮ | ኤር 3 | ማቪክ 3 ኢንተርፕራይዝ | ማትሪስ 30 |
|---|---|---|---|---|
| ክብደት | 249 ግራም | 720 ግራም | 915 ግራም | 3.77 ኪሎ |
| የበረራ ጊዜ | 34 ደቂቃ | 46 ደቂቃ | 45 ደቂቃ | 41 ደቂቃ |
| የሚቋቋመው ነፋስ (በሰከንድ) | 10.7 ሜትር | 12 ሜትር | 12 ሜትር | 15 ሜትር |
| ዝቅተኛ ሙቀት | -10 ዲግሪ | -10 ዲግሪ | -10 ዲግሪ | -20 ዲግሪ |
| የውሃ መከላከያ | የለውም | የለውም | የለውም | አይፒ55 |

የበረራ ጊዜውን እንዳለ አትመኑት። የተለካው ነፋስ በሌለበት፣ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ነው። የደሴ አየር ከባሕር ጠለል አየር ከ20 በመቶ በላይ የሳሳ ስለሆነ ፕሮፔለሩ ያንኑ ክብደት ለመሸከም የበለጠ መሽከርከር አለበት፤ ባትሪውም በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል። እኔ በሚኒ 4 ፕሮ ደሴ ላይ ከ22 ደቂቃ በላይ አስቤ አላውቅም፤ ቀሪው ለመመለሻ ነው። ለሚኒው የሚሸጠው ትልቁ ባትሪ ደግሞ ጊዜውን ቢያረዝምም የመነሻ ከፍታ ገደቡን ከ4,000 ወደ 3,000 ሜትር ያወርደዋል። ለኮምቦልቻ ችግር የለውም፤ ከደሴ ወጣ ብሎ ደጋውን ለሚሠራ ግን ይጠብበታል።

ሚኒው የመጀመሪያ ድሮኔ ነበር፤ ብርድ ምን እንደሆነም ያስተማረኝ እሱ ነው። ጥር ላይ አንድ ሰርግ ለመቅረጽ በጠዋት ደረስን። ባትሪዎቹ መኪና ውስጥ ነበር ያደሩት። ሪሞቱ 100 በመቶ ይላል፤ አስነሳሁት፣ 60 ሜትር ያህል ወጣ፣ ከዚያ ማስጠንቀቂያው ይጮህ ጀመር። ባትሪው ሙሉ ነው፣ ግን ስለቀዘቀዘ ኃይሉን ቶሎ መስጠት አቃተው። እየተንገዳገደ ወርዶ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ አረፈ። የሙሽራው ወንድም በአዲሱ ሱፉ መሰላል ወጥቶ ሲያወርደው ያለው ቪዲዮ ከሰርጉ ቪዲዮ የበለጠ ታየ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ባትሪ ከእኔው ጋር ቤት ውስጥ ያድራል፣ ጠዋት በጋቢ ተጠቅልሎ ይሄዳል፣ ድሮኑም ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሜትር ላይ አንድ ደቂቃ ቆሞ ይሞቃል።

ለሰርግና ለማስታወቂያ ካሜራማን እንግዲህ ምርጫዬ ኤር 3 ነው። ሲወጡ በአሜሪካ ገበያ ሚኒው 759፣ ኤሩ 1,099 ዶላር ነበሩ፤ እዚህ ሲደርስ ዋጋው ሌላ ነው፣ ልዩነቱ ግን ያዋጣል። ከደሴ በላይ ባለው የቶሳ ተራራ ጠርዝ ላይ ነፋስ ሲነሳ 249 ግራም እንደ ወረቀት ነው የሚሆነው። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ብቻ ለሚሠራና ገንዘብ ላጠረው ሚኒው ይበቃዋል።

ክርክሩ የሚጦፈው የመሬት ቅየሳና የፍተሻ ሥራ ያላቸው ሰዎች ጋ ነው። «ክረምቱን ሙሉ መሥራት ስላለብኝ ማትሪስ 30 ልግዛ» የሚሉኝ አሉ። ቆይ እስኪ። አይፒ55 ማለት አቧራና ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃ አይጎዳውም ማለት ነው። ሌንሱ ላይ ያረፈውን ጠብታ ግን አይጠርግላችሁም፤ በዝናብ የተነሳ ፎቶ ለካርታ አይሆንም። ማቪክ 3 ኢንተርፕራይዝ በበኩሉ ሜካኒካል ሹተር ስላለው እየበረረ ያነሳው ምስል አይዛባም፣ ቦታን በሴንቲ ሜትር ደረጃ የሚለካው አርቲኬም ይገጠምለታል። የእኛ የክረምት ዝናብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ነው የሚመጣው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ካለ ቀያሽ ሥራውን ጨርሶ ምሳውን ይበላል። ለቅየሳ ማቪኩን ገዝቶ ጠዋትን መጠበቅ ይሻላል።

ማትሪሱ ዝናብ ቆመ አልቆመ ሊባል ለማይችል ሥራ ነው፦ ጎርፍ የወሰደው ቦታ፣ የተበጠሰ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የጠፋ ሰው ፍለጋ። ባትሪውን ራሱ ያሞቃል፣ ከሩቅ አቅርቦ ያያል። ግን መከላከያው ዕድሜ አለው፣ ጎማው ሲያረጅ ይላላል። እርጥብ ሆኖ ክንዱን ማጠፍም ሆነ ሳይጠርጉ የባትሪ ቤቱን መክፈት ውሃውን በእጅ እንደማስገባት ነው።

ጉምን ግን የትኛውም አይችልም። መሰናክል የሚለዩት ሴንሰሮች በዋናነት ካሜራዎች ናቸው፤ እናንተ ካላያችሁ እነሱም አያዩም። የደሴ ጉም ደግሞ ከቶሳ ሲለቀቅ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ድሮኑ ግንኙነት ሲቋረጥበት ተነስቶ የሚመለስበት ከፍታ የሚቆጠረው ከተነሳበት ቦታ ነው። ደሴ ፒያሳ ቆማችሁ የመመለሻ ከፍታውን 100 ሜትር ብላችሁ ሞልታችሁ ወደ ቶሳ ብትልኩት፣ ዳገቱ ራሱ ከ100 ሜትር በላይ ስለሚወጣ ተራራው መንገዱ ላይ ይቆምበታል። ከመነሳታችሁ በፊት ከፊት ያለውን ከፍተኛ ቦታ አይታችሁ የመመለሻ ከፍታውን ሙሉ።

ደሴ በብርድ ያደረ ድሮን ጠዋት ኮምቦልቻ ወርዶ ወዲያው ከተከፈተ ሌንሱ ላብ ያወጣል፣ ውስጡም እንዲሁ። ቦርሳው እንደተዘጋ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ሻይ ጠጡ።

ፈቃዱ ከግዢው ይቅደም። ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርና ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሳትጨርሱ «ወንድሜ ከውጭ ይዞልኝ ይመጣል» ብትሉ ዕቃው ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ኮምቦልቻ ኤርፖርት አጠገብ ደግሞ ጨርሶ አይነሳም። ፈቃዱን ይዛችሁም ቢሆን ከበረራው በፊት ለቀበሌውና ለሰፈሩ ሰው ንገሩ፤ ድሮን የሚለው ስም ብቻ እናቶችን በሚያስደነግጥበት አገር ነው የምንሠራው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ባትሪውን አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ በሆዱ አስተኙት። ከተወዛወዘ አብጧል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ድሮኑ ዋጋ መደራደር አያስፈልግም።