ፔይስሊፕ አንድ በአንድ አታች ማድረግ ለሰለቻችሁ፣ ይሄን ልጅ ልጠቁማችሁ

ሰው አመስግኜ ፖስት አድርጌ አላውቅም፣ ግን ለዚህ ልጅ ዝም ካልኩ ነውር ነው የሚሆንብኝ። ፋይናንስ ወይ ኤችአር የምትሰሩ ትረዱኛላችሁ፣ ደሞዝ በገባ ማግስት ለሰራተኛው ሁሉ ፔይስሊፕ፣ ማለት የየራሱን የደሞዝ ዝርዝር፣ በኢሜል መላክ ምን ማለት እንደሆነ። እኛ ጋ ከመቶ በላይ ሰራተኛ አለ፣ አንዱን ፒዲኤፍ አውጣ፣ ስሙን ቀይር፣ ኢሜሉን ፈልግ፣ አታች አርግ፣ ላክ፣ ደሞ ወደሚቀጥለው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ደግሞ የደሞዝ ግብሩ ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ካለ ወዲህ ሰው ሁሉ "የኔ ስንት ተቆረጠ፣ የጡረታው 7 ፐርሰንት ከየቱ ላይ ነው የሚታሰበው" እያለ ዝርዝሩን ይፈልጋል፣ መብቱም ነው፣ ግን መላኩ የኛን ወገብ ነው የቆረጠው።

ይሄን ሁሉ በራሱ የሚልክ የኤክሴል ፋይል የሰራልንን ልጅ ያገኘሁት በጓደኛዬ በኩል ነው። ገና ሲጀምር ደስ ያለኝ የኢሜል ፓስወርድ አለመጠየቁ ነው። ከሱ በፊት ያናገርነው ሌላ ባለሙያ ፓስወርዳችንን እንዳለ ኮዱ ውስጥ ጽፎት ነበር፣ ፋይሉን የከፈተ ሁሉ ያየዋል ማለት ነው፣ ቶሎ አስቆምነው። ይሄኛው ግን ኮምፒውተሩ ላይ ባለው የኢሜል ፕሮግራም፣ በአውትሉክ ነው የሰራው፣ ኤክሴሉ ላይ ያለው ማክሮ፣ ማለት ስራውን በራሱ የሚሰራ ትንሽ ኮድ፣ አውትሉክን ያዘዋል፣ አውትሉክ በተከፈተው አካውንት ይልካል፣ በቃ።

ፔይሮሉ፣ የደሞዝ ሰንጠረዡ ላይ አንዱ መስመር አንድ ሰው ነው አይደል፣ ማክሮው ከላይ ወደታች እየወረደ የሰውየውን ቁጥሮች ፔይስሊፑ ፎርም ላይ ይሞላል፣ ፒዲኤፍ አርጎ ሴቭ ያደርጋል፣ አታች አርጎ ይልክና መጨረሻ ኮለም ላይ "ተልኳል" ብሎ ከነሰዓቱ ይጽፋል። ይቺ "ተልኳል" የምትለዋ ነገር ቀላል ትመስላለች እንጂ ዋናዋ እሷ ናት። መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ድጋሚ ስትጫኑት "ተልኳል" ያለውን እየዘለለ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ለአንድ ሰው ሁለቴ አይሄድም። ደሞ ልጁ አስጠንቅቆናል፣ "ተልኳል ማለት አውትሉክ ተቀብሎታል ማለት ነው እንጂ ሰውየው ጋ ደርሷል ማለት አይደለም፣ ኔትወርክ ከሌለ አውትቦክስ ውስጥ ቁጭ ይላል፣ እሱ ባዶ ሳይሆን ኮምፒውተሩን እንዳትዘጉ" ብሎ። ኢሜል የሌላቸውን፣ ጥበቃዎችንና ሾፌሮችን ማለቴ ነው፣ ለብቻ ያወጣቸውና ፕሪንት እናደርግላቸዋለን።

አማርኛው ላይ ያደረገውን ሳልናገር አላልፍም። ሰላምታው በአማርኛ ይሁን ብለን ድርቅ አልን፣ ለካ የማክሮው መጻፊያ የግዕዝ ፊደል አያውቅም፣ አማርኛ ስትለጥፉበት ጥያቄ ምልክት በጥያቄ ምልክት ያደርገዋል። ሌላ ሰው ቢሆን "በእንግሊዝኛ ይሁን" ብሎ ይገላገል ነበር። እሱ "ደብዳቤ" የሚል ሌላ ሺት ከፈተና ጽሁፉን በሙሉ እዛ አስቀመጠው፣ ማክሮው ከሴሉ ላይ እያነበበ ይወስዳል። ወሩንም እንደዛው፣ "ጥቅምት 2018" ብለን አንድ ሴል ላይ እንጽፋለን፣ ሰብጀክቱም ፔይስሊፑም ላይ ራሱ ይገባል። አሁን ለበዓል እንኳን አደረሳችሁ ማለት ስንፈልግ ኮድ ሳንነካ ራሳችን እንጨምራለን።

ጥንቃቄውን ደግሞ እዩልኝ። የመጀመሪያው ወር ላይ መላኩን ዘግቶት እያንዳንዱን ኢሜል ከፍቶ ብቻ እንዲያሳየን ነው ያደረገው፣ ስሙንና ፒዲኤፉን እያስተያየን ራሳችን ሴንድ አልን። የአንዱ ደሞዝ ለሌላው ቢሄድ ቢሮ ውስጥ የሚነሳውን ጉድ አስቡት! ፒዲኤፉ ላይ ፓስወርድ አድርግልን ስንለው ደግሞ "ኤክሴል ብቻውን ይሄን አይችልም፣ ሌላ ሶፍትዌር ይፈልጋል" አለን፣ አይቻልም ማለት የሚችል ባለሙያ እኔ እወዳለሁ፣ ሁሉን እችላለሁ ከሚለው ይሰውረን።

እንከን የለውም አልልም፣ ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ ቴክስት ብታደርጉለት ይሻላል። ስራው ላይ ግን እንከን አላገኘሁም፣ ሲጨርስ ኮዱን ሳይቆልፍ ነው ያስረከበን፣ ነገ እሱ ባይኖር ሌላ ሰው ከፍቶ ማስተካከል ይችላል።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፣ ከኔም ከቡድናችንም።

ስልኩን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እሱን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። ከመጥራታችሁ በፊት ግን የሰራተኞቻችሁን ኢሜል አጽዱ፣ ከኋላው ስፔስ ያለበት፣ ነጥቡ በኮማ የተጻፈ፣ የለቀቀ ሰው ኢሜል፣ የኛ ጊዜ የሄደው እሱ ላይ ነው። አውትሉካችሁም የድሮው መሆኑን እዩ፣ አዲሱ አውትሉክ በማክሮ አይታዘዝም፣ ከላይ ወደ አዲሱ ቀይሩ እያለ የሚለማመጣችሁን ማብሪያ አትንኩት። ፋይሉ በኢሜል መጥቶላችሁ ማክሮው በቀይ ከታገደም አትደንግጡ፣ ከኢንተርኔት የወረደን ማክሮ ኤክሴል እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ ከምታምኑት ሰው የመጣ ከሆነ ፋይሉን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ አንብሎክ።