አረጋውያንን ማሳረፍ ወይስ ማሳተፍ?

እናት ወይም አባት ሲያረጁ ቤት ውስጥ ክርክር ይነሳል። «ይረፉ» የሚል አለ፤ «ይንቀሳቀሱ» የሚልም አለ። ምሁራንም ተሟግተውበታል።

ማሳረፍ፦ ካሚንግና ሄንሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1961 እ.ኤ.አ. ሰው ሲያረጅ ከማኅበራዊ ሕይወት ቀስ በቀስ መራቁ ተፈጥሯዊ ነው አሉ። ለአስታማሚ ይቀላል፣ ወጪም የለውም። አደጋው ብቸኝነት ነው፤ ጡንቻም ካልሠራ ይሰልላል። እኛ ጋ ደግሞ በአክብሮት ስም ይመጣል። «እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ» ተብሎ የቡናው መቁያ ከእጃቸው ይወሰዳል። ዕድሜ ልካቸውን ቡና ያፈሉ ሴት እንግዳ ሆነው ይቀራሉ!

ማሳተፍ፦ ሃቪገርስት የተባለ ሌላ ተመራማሪ ደግሞ በእርጅና የሚረካው ሥራና ግንኙነቱን ያላቋረጠ ሰው ነው ባይ ነው። ወጪው ጊዜ ነው፦ ዕድር ማድረስ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሸኘት፣ ቡናውን ራሳቸው እስኪቆሉት መታገሥ። ስጋቱ መውደቅ ነው፤ ምርኩዝና የማያንሸራትት ወለል ያስፈልጋል።

ጤናቸው ደህና ሆኖ ጡረታ ለወጡ ሁለተኛው ይሻላል። በጽኑ ታመው ለተዳከሙ ወይም ራሳቸው «ተዉኝ ልረፍ» ለሚሉ የመጀመሪያው። የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሁለቱን ማቀላቀል ነው፦ ጠዋት ነጭ ሽንኩርት ይላጡ፣ ከሰዓት ይረፉ። ቢላዋውን ግን እናንተ ያዙት።