ሲምቫስታቲን፣ አቶርቫስታቲን ወይስ ሮሱቫስታቲን? የኮሌስትሮል መድኃኒቶችና ጡንቻ

የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብዎትና የሁለት ሳምንት መድኃኒት ታዘዘልዎት እንበል፦ አሞክሳሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል። እቤት ደግሞ ማታ ማታ የሚውጡት ሲምቫስታቲን 40 ሚ.ግ. አለ፤ ስታቲን ከሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች አንዱ ነው። ሁለቱን የጻፉት ሐኪሞች አይተዋወቁም፤ ፋርማሲስቱም ካልነገሩት አያውቅም። ሲምቫስታቲን በደህናው ቀን አብዛኛው አንጀትና ጉበት ላይ ተሰባብሮ ይቀራል፤ ወደ ደም የሚደርሰው ከመቶ አምስት እጅ አይሞላም። ክላሪትሮማይሲን ይህን የሚሰብረውን ኢንዛይም ይዘጋዋል። ያኔ አንዷ ክኒን ደም ውስጥ የብዙ ክኒን ያህል ትሆናለች። ጭንና ባት መቆርጠም ሲጀምር ግን ሰው የሚያማርረው ብርዱን ነው።

ያው ሰው ሮሱቫስታቲን ይወስድ ቢሆን ኖሮ ከክላሪትሮማይሲኑ ጋር ይህ ጣጣ አይመጣም። አቶርቫስታቲን ከሆነ ከ20 ሚ.ግ. ሳያልፍ መቀጠል ይችላል። ሲምቫስታቲን ከሆነ ግን ምርጫው ሁለት ነው፦ አንቲባዮቲኩ እስኪያልቅ ስታቲኑን ማቋረጥ፣ ወይም ሐኪሙ ክላሪትሮማይሲን የሌለበት ቅንብር እንዲያዝ መጠየቅ። «ጡንቻ የማይጎዳው ስታቲን የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከክኒኑ ስም ይልቅ ያለው አብሮት በሚዋጠው መድኃኒት፣ በሚሊግራሙና በኩላሊትዎ ላይ ነው።

መጀመሪያ፣ ሕመሙ ከስታቲኑ ነው?

ስታቲን ጡንቻ ያማል የሚለው ወሬ ከመድኃኒቱ ቀድሞ ነው ሰው ጆሮ የሚገባው። በ2022 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ትልቅ ትንተና ስታቲንን ከአስመሳይ (መድኃኒት ከሌለበት) ክኒን ጋር ያወዳደሩ 19 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቷል፤ ተሳታፊዎቹ 120 ሺህ ያልፋሉ። የጡንቻ ሕመም ወይም ድካም አለብን ያሉት ስታቲን ከሚወስዱት 27.1 በመቶ፣ አስመሳዩን ከሚወስዱት 26.6 በመቶ ነበሩ። ተጨማሪው ሕመም በአብዛኛው በመጀመሪያው ዓመት የሚታይ ሲሆን፣ ከ1000 ሰው 11 ያህሉን ነው የሚነካው። ስታቲን እየወሰደ ከሚያመው ሰው አሥራ አምስቱ ውስጥ የአንዱ ብቻ ነው በእርግጥ ከክኒኑ የመጣው።

በ2020 የታተመው ሳምሶን የተባለ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ከዚህ በፊት «አልተስማማኝም» ብለው ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎችን ወስዶ፣ በተቀያየሩ ወራት ስታቲን፣ አስመሳይ ክኒን ወይም ምንም ሳይሰጥ፣ ሕመማቸውን በየቀኑ አስመዘገበ። ምንም በማይውጡበት ወር የሕመሙ አማካይ ነጥብ ከ100 8፣ በአስመሳዩ 15.4፣ በስታቲኑ 16.3 ሆነ። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ሰዎቹ አልዋሹም። ግን አብዛኛው የመጣው ክኒን ከመዋጥ እንጂ በክኒኑ ውስጥ ካለው ነገር አይደለም። ይህን የምንጽፈው «አታማርሩ» ለማለት አይደለም። የአምስት ወይም የአሥር ዓመት መከላከያን ከመጣል በፊት ምልክቱን ማንበብ ስለሚበጅ ነው።

ከስታቲን የሚመጣው የራሱ መልክ አለው። በሁለቱም ጎን ይይዛል፤ ትልልቆቹን ጡንቻዎች ይመርጣል፦ ጭን፣ መቀመጫ፣ ባት፣ ትከሻ። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በተጨመረ በአራትና ስድስት ሳምንት ውስጥ ይነሳል፤ ሲቆም በሁለትና አራት ሳምንት ይለቃል። አንድ ጉልበት ብቻ ካመመ፣ መገጣጠሚያ ካበጠ፣ ጣት ከነዘረ ወይም ከደነዘዘ ሌላ ምክንያት ይፈለግ።

ሕመምና ድክመት ደግሞ አንድ አይደሉም። ከበርጩማ ለመነሳት እጅ መደገፍ ካስፈለገ፣ ደረጃ መውጣት ካቃተ፣ ፀጉር ለማበጠር ክንድ አልነሳ ካለ ድክመት ነው፤ በዚያው ሳምንት ይታዩ። ሽንትዎ የጠቆረ ሻይ ወይም የኮካ ኮላ ቀለም ከያዘ ግን ክኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ራብዶማዮላይሲስ የሚባለው ይህ ነው፦ ጡንቻ ፈርሶ ይዘቱ ወደ ደም ይፈስሳል፣ ኩላሊትን ይዘጋል። እጅግ ጥቂት ሰው ነው የሚደርስበት፤ የሚደርስበት ግን ብዙውን ጊዜ ከፍተኛ መጠን ወይም የተጋጨ መድኃኒት ይዞ ይገኛል።

ሦስቱ ጎን ለጎን

በ2003 የታተመው ስቴላር የተባለው ጥናት መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ማለትም ኤልዲኤል፣ በአማካይ ስንት በመቶ እንደሚወርድ እንዲህ አሳይቷል፦

| የቀን መጠን | ሲምቫስታቲን | አቶርቫስታቲን | ሮሱቫስታቲን |
|---|---|---|---|
| 10 ሚ.ግ. | 28 | 37 | 46 |
| 20 ሚ.ግ. | 35 | 43 | 52 |
| 40 ሚ.ግ. | 39 | 48 | 55 |
| 80 ሚ.ግ. | 46 | 51 | አይታዘዝም |

ሰንጠረዡን ከላይ ወደ ታች ያንብቡት። መጠኑ እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚጨመረው ስድስት በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የጡንቻው አደጋ ግን በዚህ ልክ አይቆጠብም። ከዚያ ወደ ጎን ያንብቡት፦ ሲምቫስታቲን 80 እና ሮሱቫስታቲን 10 ያው 46 ናቸው።

ሲምቫስታቲን ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ነው፤ የምንመክረውም ሌላ ምንም የማይወስድ ሰው በ20 ሚ.ግ. ሲጠቀምበት ነው። ደም ውስጥ ስለማይቆይ ማታ ይወሰዳል። ሰርች በተባለው ጥናት 80 ሚ.ግ. ከወሰዱት 0.9 በመቶው ከባድ የጡንቻ ጉዳት ደረሰባቸው፤ 20 ከወሰዱት 0.02 በመቶው ብቻ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሰኔ 2011 ለአዲስ ታካሚ 80 እንዳይጀመር የወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። 80 የተጻፈበት ወረቀት ይዘው ከሆነ ከመግዛትዎ በፊት ሐኪሙን መልሰው ይጠይቁ።

እኛ አገር ይበልጥ የሚያሳስበው ግን አምሎዲፒን ነው። የግፊት መድኃኒት ከሚወስደው ሕዝብ ብዙው አምሎዲፒን ላይ ነው፤ ከእሱ ጋር ሲምቫስታቲን ከ20 ሚ.ግ. መብለጥ የለበትም። ቬራፓሚል ወይም ዲልቲያዜም ከሆነ ጣሪያው 10 ነው፤ የልብ ምት ማስተካከያው አሚዮዳሮን ከሆነ 20። ኢሪትሮማይሲን፣ ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞል፣ ከሪቶናቪር ጋር የሚሰጡ የኤችአይቪ መድኃኒቶች ደግሞ ከናካቴው አብረውት አይወሰዱም። (ዶሉቴግራቪር ላይ ያለ ሰው ከዚህ ስጋት ነጻ ነው።) ግሬፕፍሩት ጭማቂም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል፤ አንድ ብርጭቆ ብዙ ላያመጣ ይችላል፣ በየቀኑ ሊትር የሚጠጣ ግን ይጠንቀቅ። ተራውን ብርቱካን ይጠጡ።

አቶርቫስታቲን በዚያው ኢንዛይም ነው የሚሰበረው፤ ግን እንደ ሲምቫስታቲን በቶሎ አይጋጭም። ከአምሎዲፒን ጋር ያለ ችግር ይሄዳል፤ ሁለቱ በአንድ ክኒን ተቀላቅለውም ይሸጣሉ። በጠዋትም በማታም ይወሰዳል። ትልቁ ብልጫው ኩላሊት ነው፦ ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑን መቀነስ አያስፈልገውም። ስኳርና ግፊት አብረው ላሉበት፣ የኩላሊት ምርመራው አጠራጣሪ ለሆነ ሰው ምርጫችን ይህ ነው።

ሮሱቫስታቲን በሚሊግራም ብርቱው ነው፤ ከአንቲባዮቲክና ከግፊት መድኃኒት ጋር የሚያጣላው ያ ኢንዛይምም አይመለከተውም። ግን መውጫው በከፊል ኩላሊት ነው። ኩላሊት ክፉኛ ከደከመ፣ ማለትም ክሬቲኒን ክሊራንስ (ኩላሊት ደም የማጣራት አቅሙ መለኪያ) ከ30 በታች ከሆነ፣ በ5 ተጀምሮ ከ10 አይበልጥም። ከአታዛናቪርና ሪቶናቪር ጋርም ጣሪያው 10 ነው። የጨጓራ አሲድ ማርከሻ ሽሮፕ የሚጠጣ ሰው ሮሱቫስታቲኑን ቀድሞ ይዋጥ፣ ሽሮፑን ከሁለት ሰዓት በኋላ ያስከትል፤ አለዚያ ክኒኑ ወደ ደም የሚገባው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ብዙ ሰው «5 ሚሊግራም ምን ይረዳል?» ብሎ ይንቀዋል። ኤልዲኤሉን ለማውረድ የ5ቱ ክኒን ከሲምቫስታቲን 20 አያንስም።

ፕራቫስታቲንን የሚያነሱም አሉ፤ በውሃ ስለሚሟሟ ጡንቻ አይገባም ይባላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ በሰው ላይ የተገኘው ማስረጃ ግን የሚባለውን ያህል አይደለም። በ40 ሚ.ግ. ኤልዲኤልን የሚቀንሰው 30 በመቶ ገደማ ነው። ግጭት የሚበዛበት ሰው መጠጊያ ይሆነዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሁሉም ስታቲን ይሠራል፦ ጌምፋይብሮዚል። ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ስብ ከፍ ላለበት የሚታዘዝ ነው፣ ከስታቲን ጋር ግን አይጣመር። ሴሪቫስታቲን የተባለው ስታቲን በነሐሴ 2001 ከዓለም ገበያ የወጣው በራብዶማዮላይሲስ ሰዎች ስለሞቱበት ነው፤ ከጌምፋይብሮዚል ጋር የወሰዱት ደግሞ ይበልጥ ተጎድተው ነበር። ሁለቱንም ማከም ካስፈለገ ፌኖፋይብሬት ይሻላል። ለሪህ የሚሰጠው ኮልቺሲንም ጡንቻ ላይ ጫና ስለሚጨምር ይነገር።

መጠን ከመጨመር ኢዜቲሚብ

የስታቲን መጠን እጥፍ ሲሆን ስድስት በመቶ ብቻ የሚያተርፍ ከሆነ፣ ኢዜቲሚብ 10 ሚ.ግ. 20 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የሚሠራው አንጀት ላይ ስለሆነ ጡንቻን እምብዛም አይነካም። በ2022 የታተመው ሬሲንግ የተባለ የኮሪያ ጥናት በ3780 ሰዎች ላይ ሮሱቫስታቲን 10 ከኢዜቲሚብ ጋር እና ሮሱቫስታቲን 20 ለብቻው ተወዳድረዋል። በልብ በሽታ ረገድ ቅንጅቱ ከትልቁ መጠን አላነሰም። አልስማማ ብሎ ያቆሙት ወይም የቀነሱት ግን በቅንጅቱ 4.8 በመቶ፣ በትልቁ መጠን 8.2 በመቶ ነበሩ። ገንዘብ ካለ፣ መጠን ከማሳደግ ሁለተኛ ክኒን መግዛት ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው።

ስታቲን ጭራሽ ላልተስማማው ቤምፔዶይክ አሲድ አለ። ጉበት ውስጥ ነው የሚነቃው፤ ጡንቻ ውስጥ የሚያነቃው ኢንዛይም የለም። ነገር ግን ሪህና የሐሞት ጠጠር ይጨምራል፤ ጅማት የመበጠስ ማስጠንቀቂያም አለበት። ኢቮሎኩማብና አሊሮኩማብ የተባሉት መርፌዎች ኤልዲኤልን 60 በመቶ ገደማ ያወርዳሉ፤ ዋጋቸው ግን ለብዙው ሰው የማይቀመስ ነው። ከውጭ አገር ዘመድ የሚልክልዎ ከሆነ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፦ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። ኢቮሎኩማብ ከፍሪጅ ከወጣ በክፍል ሙቀት ቢበዛ 30 ቀን ነው።

በ«ተፈጥሯዊ» ስም ከአሜሪካ የሚመጣው የቀይ እርሾ ሩዝ ክኒንም ስታቲን ነው። ሞናኮሊን ኬ የሚባለው ንጥረ ነገሩ ከሎቫስታቲን ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ስንት ሚሊግራም እንደያዘ አለመታወቁ ብቻ ነው። ከታዘዘልዎ ስታቲን ጋር ከዋጡት ሁለት ስታቲን ዋጡ ማለት ነው። የስም ግርታም እንዲሁ ያስደርባል፦ ሊፒቶር አቶርቫስታቲን ነው፣ ክሬስቶር ሮሱቫስታቲን፣ ዞኮር ሲምቫስታቲን። ልጅዎ ከዋሽንግተን የላከችው ሊፒቶርና እዚህ የገዙት አቶርቫስታቲን አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከሁለት አንዱን ብቻ ይውሰዱ።

ጡንቻ ካመመ

ባለፉት ሁለት ወራት የተጀመረ መድኃኒት አለ? መጀመሪያ እሱን ይመርምሩ። ከዚያ ሲኬ የተባለውን የጡንቻ ኢንዛይም፣ የታይሮይድ ሆርሞን (ታይሮይዱ ያነሰ ሰው ስታቲን ሳይነካውም ይቆረጥመዋል) እና ኩላሊትን ያስመርምሩ። ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት ከባድ ሸክም፣ የጂም ሥራና የጡንቻ መርፌ ይቅር፤ ሁሉም ሲኬን ያስነሳሉ። የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች መደበኛ ሲኬ ከአውሮፓውያን ከፍ እንደሚል ይታወቃል፤ ከላብራቶሪው ገደብ ትንሽ ማለፉ ብቻውን አያስደነግጥም። የላብራቶሪው ጣሪያ 200 ከሆነ፣ ሕመም እያለ 800 ሲያልፍ ስታቲኑ ይቆማል፤ 2000 ሲያልፍ ሕመም ባይኖርም ይቆማል።

ሕመም ኖሮ ሲኬ ደህና ከሆነ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ማረፍ፣ ከለቀቀ ደግሞ ሌላ ስታቲን በዝቅተኛ መጠን መጀመር ይቻላል፤ ሮሱቫስታቲን 5 ሚ.ግ. በየሁለት ቀኑ እንኳ ይሠራል፣ ምክንያቱም ደም ውስጥ ረጅም ይቆያል። የልብ ደም ሥር ተዘግቶበት የታመመ ወይም ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) የገባለት ሰው ግን በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም።

መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ድክመቱ እየባሰ፣ ሲኬም በሺህ እየተቆጠረ ከቀጠለ ነገሩ ሌላ ነው። ሰውነት የራሱን ጡንቻ የሚያጠቃበት፣ ከመቶ ሺህ ተጠቃሚ ሁለትና ሦስቱን የሚገጥም በሽታ አለ፤ በደም ምርመራ ፀረ-ኤችኤምጂሲአር የሚባል ፀረ-እንግዳ አካል ይታያል። እንዲህ ያለ ሰው የሰውነትን መከላከያ የሚያበርዱ መድኃኒቶች ያስፈልጉታል፣ ስታቲን ዳግም አይሞክርም፤ የቀይ እርሾ ሩዙም ለእሱ የተከለከለ ነው።