ለክፉ ቀን የያዝኳት የወገብ ቦርሳ፦ ድሬዳዋ ላይ ዓመት ሊሞላት ነው

ይህችን ቦርሳ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ይዣት እዞራለሁ። ሥራ ስሄድም፣ ቀፊራ ገበያ ስወጣም፣ ባጃጅ ላይም ወገቤ ላይ ናት። ለመግዛት ለምታስቡ፣ የትኛው ዕቃ እንደጠቀመኝና የትኛውን እንዳወጣሁት ልንገራችሁ።

ቦርሳዋ ራሷ ጠንካራ ናት። ቀለሟን ፀሐይ መጦታል እንጂ ጨርቋ አልተቀደደም። ዚፑ አቧራ ሲገባበት ይነክሳል፤ ሻማ ሲቀባ ይለቃል። ዝናብ ግን ታስገባለች፤ ስለዚህ ውስጧ ያለው ሁሉ በፌስታል ተጠቅልሏል።

ከሁሉም የምወደው ግንባር ላይ የሚታሰረውን ባትሪ ነው። ድሬን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ጎርፉ የሚወርደው ከላይ ከደጋው ስለሆነ፣ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይጥል ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከ200 በላይ ሰው የገደለው ጎርፍ የመጣው በሌሊት ነው። እንዲህ ባለ ሌሊት አንዱ እጅ ልጅ ይይዛል፣ ሌላው መደገፊያ ይፈልጋል። ባትሪ የሚይዝ እጅ የለም። ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ስለምጠቀምበት፣ መሥራቱን ሁልጊዜ አውቃለሁ።

የመረጥኩት በቻርጅ ሳይሆን በቀጭኑ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ነው። ድንጋዩ ሱቅ ይገኛል። ለረጅም ጊዜ የማትጠቀሙበት ከሆነ ግን አውጥታችሁ ለብቻው አስቀምጡት፤ ውስጡ ከቆየ ፈሳሽ አውጥቶ ሽቦውን ይበላዋል። ካርቶኑ ላይ አይፒኤክስ 4 የሚል ካያችሁ፣ የውኃ ፍንጣሪ ይችላል ማለት ነው፤ ውኃ ውስጥ መግባት ግን አይችልም።

ፓወር ባንኩ ላይ ቅሬታ አለኝ። 10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ይላል። ቁጥሩ የውስጡ ሴል በ3.7 ቮልት የሚይዘው ነው። ወደ 5 ቮልት ሲቀየርና የሚባክነው ሲቀነስ፣ ስልክ ጋር የሚደርሰው 6,000 አካባቢ ነው። አዲስ እያለ ባለ 5,000 ስልኬን አንዴ ሞልቶ ትንሽ ይተርፈው ነበር። አሁን አንዴ ለመሙላትም ይቸግረዋል። ሊትየም ሙቀት ጠላቱ ነው፤ የድሬ ፀሐይ ደግሞ ታውቋታላችሁ። መኪና መስታወት ሥር ፈጽሞ አትተዉት። ካበጠ ደግሞ ወዲያው መጠቀም አቁሙ።

ለምለም፣ ማለትም ለተቅማጥ በውኃ የሚበጠበጠው ዱቄት (ኦአርኤስ)፣ ሁልጊዜ አለኝ። ዋጋው ትንሽ፣ ክብደቱ ምንም፣ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ደግሞ ሕይወት ነው። አንዱ ፓኬት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ሙሉውን አትጨምሩ፤ ጨው ይበዛበትና ይጎዳል። እኔ ባለ 1 ሊትር ባዶ ሃይላንድ አጣጥፌ እይዛለሁ፣ መጠኑን እንዳልገምት።

ፊሽካ አለች፤ ሦስት ጊዜ መንፋት የድረሱልኝ ምልክት ነው። ስልክ ሲሞት ቁጥርም አብሮ ስለሚጠፋ፣ የቤተሰቤን ስልክ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 እና የፖሊስን 991 በወረቀት ጽፌያለሁ።

ያወጣሁት ባለ ብዙ ምላሱን ቢላ ነው። ከባድ ነው፣ በየመሥሪያ ቤቱ በር ፍተሻ ላይም ያስቆመኛል። ፋሻ ለመቁረጥ ጫፏ ደብዛዛ የሆነች ትንሽ መቀስ ትበቃለች።

ገንዘብ ካጠራችሁ ከባትሪውና ከለምለሙ ጀምሩ። ፓወር ባንኩን እኔም ክረምት ሳይገባ እቀይረዋለሁ። ባለ 20,000 ግን አልገዛም፤ ክብደቱ ቦርሳዋን ቤት ያስቀራታል።