ፒቲኤስዲ ኮች፦ ለአዲስ አበባው የቀድሞ ወታደር ይሆናል?

የቀድሞ ወታደር ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ብዙውን ጊዜ «እንቅልፍ አጣሁ» ይላል እንጂ «አእምሮዬን አመመኝ» አይልም። አማኑኤል የሚለው ስም ብቻ ስንቱን ከመንገድ ይመልሳል! የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው፣ ለፒቲኤስዲ (ጦርነትን የመሰለ አስደንጋጭ ነገር ጥሎት ለሚሄደው የአእምሮ ሕመም) የተዘጋጀው ይህ ነፃ የስልክ መተግበሪያ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ሰው ሳያይ፣ ስም ሳያስመዘግብ ራሱን መመዘን ይችላል።

መመዘኛው «ትራክ ፕሮግረስ» በሚለው ክፍል ውስጥ ነው። 20 ጥያቄዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል፣ ድምሩ ከ80 ይታሰባል። ከ31 እስከ 33 የደረሰ ወይም ያለፈ ሰው ባለሙያ ይይ፤ ቁጥሩ ብቻውን ግን በሽታውን አያረጋግጥም። ስህተት የሚበዛውም እዚሁ ነው። የሚጠየቀው ስላለፈው 1 ወር ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው የትናንቱን ክፉ ሌሊት አስቦ ይሞላል። መተግበሪያው አማርኛ ስለሌለው፣ ልጅ ሲያስተረጉም ደግሞ 6ኛውና 7ኛው ጥያቄ ይምታታሉ፤ አንዱ ትዝታንና ስሜትን መሸሽ ነው፣ ሌላው ትዝታውን የሚቀሰቅስ ቦታን፣ ሰውንና ወሬን። ልጁ ፊት ደካማ ላለመምሰል 0 የሚሞላ አባትም አለ፤ ስለዚህ አብሮት ያገለገለ ጓደኛ ቢያስተረጉምለት ይመረጣል።

«ማኔጅ ሲምፕተምስ» የትንፋሽና ጡንቻ የማፍታታት ልምምዶችን ይዟል። ከልምምዱ በፊትና በኋላ ጭንቀቱን ከ0 እስከ 10 ያስለካል፤ ለውጡን በዓይን ማየት ሰውን ያበረታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞከረው መስቀል አደባባይ ርችት ሲተኮስ ከሆነ ግን አይሠራም። ቀድሞ፣ ሰላም ባለበት ሰዓት፣ በየቀኑ መለማመድ ያስፈልጋል።

ሕክምናን ግን አይተካም። ውጤቱን ይዞ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ የጤና መድን ያለው ደግሞ ሪፈር ማጻፍ አለበት። ዘውዲቱን በመሰለ ጠቅላላ ሆስፒታል መታከም ሐፍረቱን ያቀልላል፤ ኮሪደሩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ለአእምሮ ሕክምና የመጣ አይደለምና። እንደ ሰርትራሊን ያለ መድኃኒት ከታዘዘ ለውጡ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ነው፤ በ2ኛው ሳምንት ማቅለሽለሹን ፈርቶ ማቋረጥ ልፋቱን ከንቱ ያስቀራል።

«ጌት ሰፖርት» ላይ ያለው 988 የተባለው የችግር ጊዜ የስልክ መስመር የአሜሪካ ነው፣ እዚህ አይሠራም። በምትኩ የ3 ቅርብ ሰዎችን ቁጥር ያስገቡበት። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ግን ስልኩ ላይ አይቆይ፤ ሰው አብሮት ሆኖ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።